ሦስተኛው «ነይ»

ኳርትዛይት አጠገብ፣ አሪዞና
ኖቬምበር 9፣ 1986

ቨርና፣

ደርሻለሁ። መድረሴን የጠየቅሽበት ካርድ ከእኔ ቀድሞ ፖስታ ቤት ገብቶ ጠበቀኝ። «በሰላም ደረስሽ» ብለሽ ጽፈሽ ምንም ምልክት ሳታደርጊበት ስለተውሽው፣ ጥያቄ ይሁን የምሥራች ለመለየት ሁለቴ አነበብኩት። ሚስ ፎሴ በዚያች አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ውስጥ በማስመሪያ ጣታችንን እየመታች ያስተማረችን ከአንቺ ራስ ወጥቷል ማለት ነው። ያልተዘጋ ዓረፍተ ነገር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሰባ አራት ዓመት ሆኖሽም ዓረፍተ ነገርን እንደ በር ነው የምታይው፤ ከፍተሽው ትሄጃለሽ፣ ብርዱ ለሌላው ይተርፋል።

ተጎታች ቤቴን ያቆምኩት በዱሮው ቦታ ነው። ባሌ ኦርሊን ነፍሱን ይማረውና በመጨረሻው ዓመቱ ዙሪያውን የደረደረው ድንጋይ እንዳለ ነው። ከበረዶ ሸሽተን ስለምንመጣ የአገሩ ሰዎች «የበረዶ ወፎች» ይሉናል። ሁላችንም ሽማግሌ፣ ሁላችንም ከየአገሩ የመጣን፣ ይህ ነው የሚባል ሕግም የለንም። የሰው ድንጋይ ግን አይነካም።

ክሪኩን ከማዕዘን ማዕዘን እያዞርኩ፣ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል እስኪገባ ስታገል ዋልኩ። ኦርሊን ሲጋራውን ሳይጨርስ የሚጨርሰው ሥራ ነበር። ግን መሠራት አለበት። ባልተስተካከለ ተጎታች ውስጥ በር በራሱ ይከፈታል፣ ሾርባ በአንድ ወገን ይፈሳል፣ ሰውም ቀስ በቀስ ዘንበል ብሎ ማሰብ ይጀምራል።

ስለ ዳሌዬ ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ። ይህን ነገር ከመኪና ጋር አያይዤ፣ ፈትቼ፣ አገር አቋርጬ የምጎትትበት ጊዜ አልቋል። ይህ የመጨረሻው ነው። በጸደይ ስመለስ እንደ ወትሮው በጓሮሽ ከእህል ጎተራው አጠገብ አቆመዋለሁ። የሚቀጥለው በረዶ ሲመጣ ግን የት እንደምሆን አላውቅም። የራሴን ቤት ከሸጥኩ ወዲህ ያለኝ ይህ በጎማ የቆመ ሳጥን ብቻ ነው፤ የዳኮታን ብርድ ደግሞ አይችልም።

በካርዱ ላይ ስንለያይ ተቀይመሽኝ ነበር ወይ ላልሽው፣ አልተቀየምኩም። የእናታችንን ክፍል ውሰጂ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ አንዴ በምሳ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዴ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ። ሁለቱንም ጊዜ «ኧረ ተዪ፣ አላስቸግርሽም» ብዬሻለሁ። እንዲህ ማለት የሚገባኝ ስለነበር ነው ያልኩት። ሌላ የምጨምረው የለም።

በዚያ ክፍል በምሥራቁ መስኮት ላይ የተሰቀለው መጋረጃ መታጠብ አለበት። ሳየው ነው የመጣሁት።

ብርዱን ተጠንቀቂ።

አርዲስ


ቶርስቢ፣ ሰሜን ዳኮታ
ኖቬምበር 23፣ 1986

ለቲቸር አርዲስ፣

የጥያቄ ምልክት ረስቼ ከሆነ ይኸው ሦስቱን በአንዴ፦ ??? የተረፈውን ለሚቀጥለው አስቀምጪው። አንቺ እኮ የሞትኩ እንደሆነ የመቃብሬን ድንጋይ በቀይ እስክሪብቶ ታርሚዋለሽ።

እዚህ በረዶው ጉልበት ደርሷል። ነፋሱ ከካናዳ በኩል ይመጣና የሚያቆመው ዛፍ ስለሌለ ቀጥ ብሎ ፊት ላይ ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ግን ለወጉ ያህል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ እራት ባለፈው ሐሙስ ነበር፤ ሄጄ ነበር፣ ወሰዱኝ። ዓሣው በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሁሉ አይወደውም፣ ሰው ሁሉ ይደግማል።

ስለ ዶሮዎቹ ትጠይቂኝ ይሆናል። ዱዌን ወስዷቸዋል። ልጄን ታውቂዋለሽ፣ ነገር ማቅለል ይወዳል። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን በእርሱ የፖስታ ሳጥን ላኪልኝ፤ የእርሻው መንገድ በበረዶ ሲዘጋ ፖስተኛው ስለማይገባ ነው።

የመጋረጃውን ነገር ሰምቻለሁ። ስለ ሌላው በሰፊው እጽፍልሻለሁ፤ አሁን እጄ ደክሟል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጽሑፌም እንደ ዶሮ ጭረት ሆኗል።

እዚያ ጎረቤቶችሽ እነማን ናቸው? የሚያስቅ ነገር ጻፊልኝ። እዚህ የሚያስቅ የለም።

እህትሽ ቨርና


ኳርትዛይት አጠገብ
ዲሴምበር 7፣ 1986

ቨርና፣

ሳቅ ከፈለግሽ ጎረቤቴን እነግርሻለሁ። ሮስኮ ፔቲግሩ ይባላል፤ የኦክላሆማ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አውቶቡስ በሚያክል ተጎታች ውስጥ ከአንዲት አንድ ዓይና ውሻ ጋር ይኖራል። ኮፍያውን የሚያወልቀው ለጸሎትና ለእኔ ብቻ ነው። መምህርት እንደነበርኩ ከሰማ ጀምሮ «ቲቸር» ይለኛል፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚለኝ፣ አንቺን ጨምሮ።

ባለፈው ቅዳሜ ከወንዙ ዓሣ ይዞ መጥቶ ጠበሰ። በቆሎ ዱቄት አልብሶ ነው የሚጠብሰው፤ ሽታው በረሃውን ሞላው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት አንዲት ደረቅ ብስኩት ነበረች። ሳህን ይዞ መጣ።

«ቲቸር፣ ዓሣ ጠብሻለሁ። ሁለት ላስቀምጥልዎት?»

«ኧረ አይቸገሩ፣ አሁን በላሁ» አልኩት።

«እንግዲያው ደህና ይዋሉ» አለና ሳህኑን ይዞ ዞረ!

ቆሜ ቀረሁ። አንዲት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰም። ለውሻዋ ሰጣት። በማግስቱ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ «ትናንት ጠግበው ስለነበር አላስጨነቅኩዎትም» አለኝ፤ ቸርነት እንደሠራ ሰው።

እናታችን ይህን ሰው ብታየው ምን ትል ነበር? ጠረጴዛ ከመቅረባችን በፊት የምታስደግመንን አልረሳሽውም። በመጀመሪያው እሺ ያለ ረሃብተኛ፣ በሁለተኛው እሺ ያለ ሆዳም፣ በሦስተኛው እሺ ያለ እንግዳ። ፓስተር ግሩንድሴት ኬኩን ሦስተኛ እስኪለመን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ኬኩ ላይ ተክሎ ሲጠብቅ ትዝ ይልሻል? አንቺ ሳቅሽ፣ የተቆነጠጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲግደረደር አስተናጋጁ መቁጠር አለበት፤ ካልቆጠረ ግብዣው ግብዣ አይደለም። ኦክላሆማ ውስጥ ግን ቁጥሩ ከአንድ አያልፍም መሰለኝ።

ይህን ያነሳሁት ለሌላ ነገር አይደለም። የሚያስቅ ጻፊልኝ ስላልሽኝ ነው።

ውሃ ለመቅዳት ወደ ከተማው የምሄደው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ፖስታ ቤቱም እዚያው ነው። «በሰፊው እጽፍልሻለሁ» ያልሽው እስኪደርስ ማክሰኞን እወዳታለሁ።

ብርዱን ተጠንቀቂ።

አርዲስ


ቶርስቢ
ጃንዋሪ 4፣ 1987

አርዲስ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። በገና ሰሞን ድምፅሽ ጠፋ፤ ምን ሆነሽ ነው? ረስቼ ነው እንዳትይኝ፣ አንቺ ከምትቀሪ በረዶው ይቀራል።

ዓሣውን ሳነብ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ለሌሎቹም አነበብኩላቸው፤ ወይዘሮ ኤሊዳ ሩድ «ውሻዋ ግን እድለኛ ናት» አለች። ከዚያ ግን የእናታችን አባባል ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ለምን እንደሆነ አልነግርሽም።

አየሩ ያው ነው። ትናንት ትንሽ ተከፍቶ ዛሬ ተዘጋ። በረዶው በመስኮቱ ቁመት ተቆልሏል፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ግድግዳ ነው የማየው። ገናን በሰላም አሳለፍን። እራት በጊዜ ያቀርቡልናል፤ ጨው ግን እንደ መርዝ ይፈራሉ። ሌፍሴውን ከሱቅ ነው ያመጡት፤ የድንች ቂጣ ሳይሆን የካርቶን ክዳን ይመስላል።

ዱዌንና ሼሪል ደህና ናቸው። መጥተው ነበር። ብርቱካን አመጡልኝ።

ስለዚያ ነገር ዛሬም አልቻልኩም። አትጠብቂኝ አልልሽም፤ ግን አትቆጪኝ።

ቨርና


ኳርትዛይት አጠገብ
ጃንዋሪ 18፣ 1987

ቨርና፣

ምን ሆነሽ ነው ላልሽው፣ ወድቄ ነው። ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በታች እውነት ስለምጠይቅሽ አስቀድሜ የራሴን ላስቀምጥ።

ከተጎታቹ ደረጃ ስወርድ እግሬ ከዳኝና ጠጠሩ ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። አልተሰበርኩም። ነገር ግን መነሣት አልቻልኩም። ሮስኮ አይቶ መጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ቲቸር፣ ላንሳዎት?»

«ኧረ አይቸገሩ» አልኩት። ቨርና፣ መሬት ላይ ተዘርግቼ!

ሌላ ሰው ቢሆን ያነሳኝ ነበር። ይህ ሰው ግን «እሺ» ብሎ አጠገቤ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። ውሻዋም ተቀመጠች። ስለ መኪናው ካርቡሬተር፣ ስለ ሟች ሚስቱ የሽንኩርት ሾርባ፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራኝ፤ ላንሳዎት የሚለውን ግን አልደገመውም። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። በመጨረሻ «አቶ ፔቲግሩ፣ እባክዎን ያንሱኝ» አልኩ። «ከመጀመሪያው ቢሉኝስ» አለ፤ አልሳቀብኝምም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ደብዳቤሽ «እራት በጊዜ ያቀርቡልናል» ብለሽ ጽፈሻል። አርባ ዓመት ያስተማርኩት ሰዋስው ነው። ግሱ ብዙ ቁጥር ነው። በአንቺ ወጥ ቤት የምታበስይው አንቺ ነሽ፣ ባልሽ ሴልመር ከሞተ ወዲህ ደግሞ የሚበላውም ሌላ ሰው የለም። «የሚያቀርቡት» እነማን ናቸው? «ልናል» የተባላችሁትስ እነማን ናችሁ? ከእርሻው ቤት ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ያለው እንጨት ማከማቻው ብቻ ነው። እንጨት ማከማቻ ውስጥ ነው የምትኖሪው?

አየሩን ስትጽፊ ከመልስ እየሸሸሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የአባታችንን መስኮት በኳስ የሰበርሽ ቀን «ዛሬ ደመና ነው» እያልሽ ነው የገባሽው።

ስለዚያኛው ነገር ጠይቂኝ አልልም፤ የሚጠየቅ ሰው ጠይቁኝ አይልም። ነገር ግን እዚህ ያለው ፖስታ ቤት ለትንሽ ከተማ የተሠራ ነው፣ በብርድ ወራት የሰው ደብዳቤ በጆንያ ይደርስበታል። ብዙ ደብዳቤ ይጠፋል። ምናልባት አንቺ የጻፍሽው አንዱ ጠፍቶ ከሆነ ንገሪኝና እንደደረሰኝ እቆጥረዋለሁ።

አርዲስ


ቶርስቢ
ፌብሩዋሪ 1፣ 1987

አርዲስ፣

ዛሬ ስለ አየሩ አልጽፍም።

የሚያቀርቡልን በቶርስቢ የአረጋውያን ቤት የሚሠሩ ነጭ ለባሽ ልጆች ናቸው። የሚቀርብልን ደግሞ በአንድ አዳራሽ የምንበላ አሮጊቶችና ሁለት ሽማግሎች ነን። የገባሁት አንቺ በሄድሽ ሳምንት ነው። ቤቱ ተዘግቷል። ዱዌን የቧንቧውን ውሃ እንዳይቀዘቅዝ አፍስሶታል፣ መስኮቶቹን በጣውላ መቷቸዋል። የእናታችን መጋረጃ እዚያው ተሰቅሎ ቀርቷል። አላጠብኩትም።

የጠፋ ደብዳቤ የለም።

የመጀመሪያውን ስጠይቅሽ ዱዌን ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ የፖም ኬክ ይበላ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ «አክስቴ ከአንቺ ጋር ከኖረች ቤቱ እንዳለ ይቆያል፤ ብቻሽን ግን ለሌላ በረዶ አልተውሽም» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ክፍሉን ውሰጂ ስልሽ ለአንቺ አዝኜ አልነበረም። ለራሴ ነው። እንዳትኮሪብኝ ብዬ ለአንቺ ያዘንኩ አስመሰልኩት። «ኧረ ተዪ፣ አላስቸግርሽም» አልሽ። እኔም ደንቡን ስለማውቅ ደስ ብሎኝ ሳህን ላነሳ ተነሣሁ፤ ገና ሁለት ይቀረኛል ብዬ።

ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባ።

«ሰማሽ አይደል እማዬ? አልፈልግም አለች።»

«አልፈልግም አላለችም። አላስቸግርሽም ነው ያለችው» አልኩት።

«ልዩነቱ ምንድነው?»

አየሽ አርዲስ፣ የእኛ ልጅ ነው፣ በእኛው ጠረጴዛ ነው ያደገው፤ መቁጠሩን ግን አላስተማርነውም። የጎረቤትሽ አገር ሰው ሆኖብኛል። ምን ብዬ ላስረዳው? ለአንቺ ደግሞ እርሱ እየሰማ «እንዳይወስዱኝ ነው፣ እፈልግሻለሁ» ማለት አፈርኩ።

ሁለተኛውን መኪናሽ አጠገብ ጠየቅሁሽ። እርሱ እጁን ኪሱ ከቶ ከኋላዬ ቆሟል። አላስቸግርሽም አልሽ። ሦስተኛውን ልናገር አፌን ስከፍት የመኪናውን መስኮት አዙረሽ ዘጋሽው። ነፋስ ስለነበረ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዓረፍተ ነገር አትዘጊም ትይኛለሽ፤ አንቺ ግን መስኮት ትዘጊያለሽ።

ከዚያ ወዲያ የምጠይቅሽ ቤት አልነበረኝም። ምን ብዬ ልጽፍልሽ ኖሯል?

ዓሣሽን ሳነብ የሳቅሁት እንዴት እንደሆነ አሁን ገብቶሻል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እንደ ረሃብተኛ «እሺ» ብትይ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም ምሥራቁን እያየን እንነሣ ነበር።

ቨርና


ኳርትዛይት አጠገብ
ፌብሩዋሪ 22፣ 1987

ቨርና፣

ደብዳቤሽ ስህተት የለበትም። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ነጥቡ ሁሉ በቦታው ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ የምታውቂ ከነበርሽ ዕድሜሽን ሙሉ ለምን አለፋሽኝ?

በኋላ በላክሽው ካርድ ይቅር ብዬሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቅርታ የሚባለው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። አንቺ «አንዴ እሺ ብትይ ኖሮ» ትያለሽ። እኔ ደግሞ «እፈልግሻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ቢወጣሽ ኖሮ እላለሁ። ለዚያች ቃል ቁጥር የለም፤ እናታችንም ለእርሷ ቁጥር አላወጣችም። አንቺ ግን መጽዋች መስለሽ መጣሽ። ለምጽዋት የሚገባውን መልስ ሰጠሁሽ። ቤታችን በሁለት ኩሩ አሮጊቶችና በአንድ ኬክ በላተኛ መካከል ተዘጋ።

ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። መስኮቱን የዘጋሁት ፊቴን እንዳታዪው ነው። አሁን ማወቅሽ ምንም አይጠቅምም፤ ስህተት ተጽፎ ሲቀር ስለማልወድ ብቻ ነው የማርመው። ከቶርስቢ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ «በደብዳቤ ትጠይቀኛለች» እያልኩ ነዳሁ። እስከዚህ ድረስ እንደዚያው እያልኩ ነዳሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ በፖስታ ቤቱ ሰልፍ ስቆም፣ ከፊቴ ያለው ሽማግሌ ሁሉ የእኔን ደብዳቤ ይዞብኝ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ደግሞ በዚያው ጊዜ ምዕራቡን ግድግዳ እያየሽ ስለ ጨው ትጽፊልኝ ነበር።

በዚያው ካርድ ወዴት ልትሄጂ ነው ላልሽው መልስ አለኝ። ሮስኮ በሙቀት ወራት ወደ ተራራው ወጥቶ ጥድ ደን ውስጥ ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ካምፕ ይጠብቃል። ትናንት ኮፍያውን አውልቆ መጣ።

«ቲቸር፣ የራሴን ካደረስኩ በኋላ ተመልሼ የእርስዎን ልጎትትልዎት? እዚህ ከቆዩ እንደ ቲማቲም ይደርቃሉ። ላይ ቦታ ሞልቷል፣ ምድጃም አለ፣ በረዶው ቢመጣም ትንሽ ነው።»

አፌ «ኧረ አይቸገሩ» ለማለት ተከፈተ። ውሻዋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። ዓሣዬን የበላች ውሻ ናት።

«እሺ» አልኩት።

ምላሴ ላይ እንደ ሳሙና ሆነብኝ። እርሱ ግን ምንም አልገረመውም። «ጥሩ» ብሎ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀና ወደ ምድጃው ሄደ። ረሃብተኛ መሆን ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ማን ነግሮኝ ያውቃል? ለእንግዳ ሰው አንዴ ስጠየቅ እሺ አልኩ፤ ለአባቴ ልጅ ግን አልቻልኩም። ይህን አስቢበት፤ እዚያ ለማሰብ ጊዜ አለሽ።

ስለዚህ አሁን ቤት ያለኝ እኔ ነኝ፤ ወግ ደግሞ አውቃለሁ። በተጎታቹ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ወደ ታች ሲታጠፍ አልጋ ይሆናል። ኦርሊን ስንት ዓመት አንኮራፍቶበታል፤ አንቺን ይችላል። መስኮቱ ምሥራቅን ያያል፣ መጋረጃው ንጹሕ ነው። ጨው እንደ ልብ ነው። ከእኔ ጋር ኑሪ። ነይ።

አትፈልጊም ይሆናል፤ የአዳራሹ ሰዎች ለምደውሽ ይሆናል፤ ዱዌንም ብርቱካን ያመጣልሻል። ቢሆንም፣ ነይ።

ቆጠርሽ? ሁለት ነው። ሦስተኛውን አንቺ ባስተማርሽኝ መንገድ አቆየዋለሁ።

አርዲስ


ቶርስቢ
ማርች 6፣ 1987

አርዲስ

እሺ

በመጀመሪያው «ነይ» ላይ ነው እሺ ያልኩት፤ ሁለተኛውን ሳላነበው። አንቺ ከኦክላሆማው ሰውዬ ተማርሽ፣ እኔ ከአንቺ ተማርኩ። ረሃብተኛ በይኝ፣ ምንም አይደለም፣ ነኝ። ከሁለተኛው በታች ያለውንም አንብቤዋለሁ፤ እንዳላነበብኩ ሆኜ አጠፍኩት።

ለዱዌን ነገርኩት። «አክስቴ ተናግራ ነው ወይስ ጽፋ?» አለኝ። «ጽፋ» አልኩት። «እንግዲያው እውነት ነው፣ እርሷ ያላሰበችውን አትጽፍም» አለ። አውቶቡስ ላይ ያሳፍረኛል። ክፍሌን ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው እንዲሰጡት፣ እለቃለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ኤሊዳ ሩድ ቀንታ ከትናንት ጀምሮ አታነጋግረኝም።

ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቻለሁ። ሌፍሴ መጥበሻዬን ልያዘው ወይስ እዚያ አለ? ብርዱ በተራራው ላይ ምን ያህል ነው? አውቶቡሱ በእናንተ በኩል የሚያልፈው በየትኛው ቀን ነው? ቆመሽ ትቀበይኛለሽ? የጥያቄ ምልክት አንድም አልረሳሁም።

ቶሎ ጻፊልኝ። እባክሽን።

እህትሽ ቨርና


ኳርትዛይት አጠገብ
ማርች 20፣ 1987

ቨርና፣

ነፋሱ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልቆመም። አሸዋው በመስኮቱ ጠርዝ እየገባ ሳህን ላይ፣ ትራስ ላይ፣ የመጽሐፍ ገጽ ላይ ያርፋል፤ ጠዋት የጠረግሁት ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ረቡዕ ዕለት ጥቂት ዝናብ ጣል አድርጎ ስለነበር ቁጥቋጦው ሁሉ ሸተተ። ቁልቋሎቹ ማበብ ጀምረዋል። ሙቀቱ ለወቅቱ ከወትሮው ይበልጣል ይላሉ። ወደ ምዕራብ ያሉት ኮረብቶች ሲመሽ ሐምራዊ ይሆናሉ፤ ደመና ሲኖር ግን አይታዩም።

ጎረቤቶች እየተነሡ ነው። በየቦታው የድንጋይ ክቦች ብቻ ቀርተዋል። ሮስኮ የራሱን ለማድረስ ወጥቷል፤ ውሻዋን እኔ ዘንድ ትቷታል። ነፋሱን አትወደውም፣ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ትውላለች።

ጠረጴዛው ላይ ዘንድሮ የሰበሰብኳቸውን ድንጋዮች ደርድሬ በሙጫ እያያያዝኩ ነው፤ ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ። የእጅ ሥራ ለብቸኛ ሰው ጥሩ ነው። ሙጫው ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል፣ እስኪደርቅ መነካት የለበትም። ጠረጴዛው አይታጠፍም።

መጥበሻው ከባድ ነው። አውቶቡሱ በዚህ በኩል ስለ ማለፉ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ላይ «እሺ» ካልሽ በኋላ አራት ነጥብ አላደረግሽም። ሚስ ፎሴ ያስተማረችንን አንቺም አትረሺውም። ያልተዘጋ ዓረፍተ ነገር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ብርዱን ተጠንቀቂ።

አርዲስ